ያረጀ ስልክ ለኮምፒውተር አጋዥነት፦ ከፖርት ቤል መንገድ እስከ ምናለሽ ተራ የሚዘልቅ ጥያቄ

አንድ ስማርት ስልክ ጥሪ መቀበል ቢያቆም ወይም ባለቤቱ ሌላ ቢገዛ፣ በውስጡ ያሉት ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ የንክኪ ስክሪንና የዋይፋይ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን አያቋርጡም፤ እነዚሁ ክፍሎች ደግሞ የኮምፒውተር ተጠቃሚ ለየብቻ እየገዛ ከማሽኑ ጋር የሚያገናኛቸው ዕቃዎች ናቸው። አሮጌውን ስልክ የኮምፒውተር ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ማውዝ ወይም ሞደም፣ አሮጌውን ታብሌት ደግሞ ሁለተኛ ማሳያ ወይም የትእዛዝ ሰሌዳ ማድረግ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ነው። ሥራው በቴክኒክ ረገድ መቻሉ ከታወቀ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ክርክሩ ያለው ድርጊቱ ምን ያተርፋል፣ ለማን ያተርፋል፣ ስልክ ከመሳቢያ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ከተማስ ፋይዳው ምን ይሆናል በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን ከካምፓላ፣ በተለይም በናካዋና በሉዚራ በኩል ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከሚወርደው የፖርት ቤል መንገድ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ አንጻር ይመለከታል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መለየት ያለባቸው ድርጊቶች

በዚህ ርዕስ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አራት የተለያዩ ድርጊቶችን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ጥገናና ዳግም ሽያጭ ሲሆን፣ ስልኩ ስልክ እንደሆነ ይቀጥላል፣ የሚለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን ፈታቶ ስክሪኑን፣ ካሜራውንና የቻርጅ ቦርዱን ለሌላ ስልክ መለዋወጫ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ወርቁን፣ መዳቡንና ኮባልቱን ለይቶ ማውጣት ሲሆን፣ ይህ በፋብሪካ ደረጃ ካልተሠራ የሠራተኛውን ጤና የሚጎዳ ሥራ ነው። አራተኛው፣ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ የሆነው፣ መሣሪያው ሳይፈታ ተግባሩ ብቻ የሚለወጥበት ነው።

አራተኛውም ቢሆን ውስጡ አንድ ወጥ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ስልክ ለአንድ ስብሰባ ያህል በካሜራነት አገልግሎ ወደ ኪስ ሲመለስ የሚታየው ጊዜያዊ ውሰት ነው፤ ከአገልግሎት የወጣ ስልክ ከኮምፒውተር አጠገብ ተተክሎ በዚያው ሲቀር ግን ቋሚ ምደባ ይሆናል። ውሰቱ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ነገር ግን አንድም አሮጌ መሣሪያ ከቆሻሻ አያድንም። ምደባው በተቃራኒው መሣሪያውን ያድናል፣ ግን የኤሌክትሪክ፣ የባትሪና የደኅንነት ጣጣ ይዞ ይመጣል። የአንዱን ጥቅም ከሌላው ጉዳት ጋር እያወዳደሩ መከራከር በጽሑፎች ውስጥ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። ከዚህም ሌላ አሮጌ ስልክን ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰርቨር ወይም መለኪያ ማድረግ ለኮምፒውተር አጋዥ ከማድረግ የተለየ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ የሚጋሩት ማስረጃ ስላለ ከታች አብረው ይነሣሉ።

አመጣጡ

ስልክ ለኮምፒውተር የሰጠው ቀደምት አገልግሎት ሞደምነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ስልኮች በኢንፍራሬድ፣ በብሉቱዝ ወይም በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝተው ኮምፒውተሩን ወደ ኢንተርኔት ያደርሱት ነበር። የመደበኛ ስልክ መስመር ከጥቂት ቤቶችና ቢሮዎች ባላለፈባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ይህ አገልግሎት ከአውሮፓ ይልቅ ሥር ሰደደ፤ ዛሬም በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ ሆትስፖት ከፍቶ ወይም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ መሥራት የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። ስለዚህ ስልክን የኮምፒውተር ረዳት ማድረግ ለአካባቢው ሰው ከውጭ የሚመጣ ምክር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ለዚሁ ሥራ አሮጌውን መመደብ ነው።

ከ2008 ጀምሮ የመተግበሪያ ገበያዎች ሲከፈቱ ሌሎቹ አገልግሎቶች ተከተሉ። በ2010 አይፓድ ገበያ በወጣ ሰሞን ኤር ዲስፕሌይ የተባለው መተግበሪያ ታብሌቱን ሁለተኛ ማሳያ አደረገው፤ በ2013 የተጀመረው ነጻው ኬዲኢ ኮኔክት ስልኩን የማውዝና የኪቦርድ ምትክ አድርጎ ከሊኑክስ ጋር አገናኘ፤ በ2014 ዱኤት ዲስፕሌይ ማሳያውን በገመድ በማገናኘት የምስል መዘግየቱን ቀነሰ። በ2018 የወጣው አንድሮይድ 9 ስልኩ ራሱን እንደ ብሉቱዝ ኪቦርድ ወይም ማውዝ እንዲያስተዋውቅ የሚያስችለውን በር ለመተግበሪያ ሠሪዎች ከፈተ፤ ይህም በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ፕሮግራም መጫን ሳያስፈልግ ግንኙነቱ እንዲፈጠር ስላደረገ፣ ተጠቃሚው ፕሮግራም የመጫን ፈቃድ ለሌለው የቢሮና የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ትልቅ ለውጥ ነበር። በዚያው ዓመት ስክሪን ኮፒ ተብሎ የሚነበበው ነጻ ፕሮግራም የስልኩን ስክሪን በኮምፒውተር ማየትና ማዘዝ አስቻለ።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋ ዌብካም ከዓለም ገበያ ጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው ናረ። ስልክን በካሜራነት መጠቀም ከጥቂት አዋቂዎች ልማድ ወጥቶ የመምህራንና የጽሕፈት ሠራተኞች መፍትሔ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ኡጋንዳ ትምህርት ቤቶቿን ከመጋቢት 2020 እስከ ጥር 2022 በሙሉ ወይም በከፊል ዘግታ በመቆየቷ፣ ይህም በዓለም ካሉት ረጅም መዘጋቶች አንዱ በመሆኑ፣ ጥያቄው በካምፓላ ከሌላው በተለየ ክብደት ተነሥቷል።

ትላልቆቹ አምራቾች ከዚህ በኋላ ሐሳቡን ተቀበሉት ቢባልም፣ የተቀበሉበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። አፕል በ2019 ታብሌቱን ሁለተኛ ማሳያ የሚያደርገውን ሳይድካር፣ በ2022 ደግሞ ስልኩን የማክ ካሜራ የሚያደርገውን አገልግሎት አወጣ፤ የኋለኛው ግን በአይፎን ኤክስአርና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ ብቻ ይሠራል። ጉግል በ2023 መጨረሻ ስልክ በዩኤስቢ እንደ ማንኛውም ዌብካም እንዲታይ ያደረገው ከፒክስል 6 ጀምሮ ላሉት ነው። ሳምሰንግ በ2017 ጋላክሲ አፕሳይክሊንግ በሚል ስም አርባ አሮጌ ጋላክሲ ኤስ5 ስልኮችን በአንድ ላይ አሠርቶ ሲያሳይ፣ መሣሪያዎቹን ከአምራቹ ሶፍትዌር ነጻ የማውጣት ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2021 በተግባር የወጣው ግን ከ2018 ወዲህ የተሠሩትን የቤት ውስጥ ድምፅና ብርሃን መለኪያ የሚያደርግ ውሱን መተግበሪያ ሆነ፣ በመጀመሪያው ዕቅድ ተባባሪ የነበረው የጥገና መመሪያ አዘጋጁ ድርጅት አይፊክስኢትም ልዩነቱን በአደባባይ ነቅፏል። ከእነዚህ ጉዳዮች የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው፤ አምራቾቹ ያመቻቹት በአብዛኛው አዲሱን ስልክ የማዋስ ልማድ ሲሆን፣ አሮጌውን የመመደቡ ሥራ ለነጻ ሶፍትዌር ሠሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች ተትቷል።

የፖርት ቤል መንገድና የካምፓላው ገበያ

ፖርት ቤል ስሙን ያገኘው ከ1906 እስከ 1909 ኡጋንዳን ካስተዳደረው እንግሊዛዊ ከሄስኬዝ ቤል ነው። ባቡር በ1931 በቀጥታ ካምፓላ እስኪደርስ ድረስ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ከኪሱሙ በመርከብ ተጭኖ በዚህ ወደብ ይገባ ነበር። ዛሬ የካምፓላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በአመዛኙ በሌላ መንገድ ይገባል፤ ነገር ግን ከወደቡ ወደ ከተማው የሚወጣው መንገድ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሌላ ሀብት አለው። የኡጋንዳ የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በግቢው ውስጥ ያለው ብሔራዊ የአይሲቲ ፈጠራ ማዕከልና የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ሦስቱም ናካዋ ላይ በፖርት ቤል መንገድ ይገኛሉ። በሌላ በኩል መሣሪያ የሚጠገነውና የሚሸጠው በመሐል ከተማ፣ እንደ ሙታሳ ካፌሮ ፕላዛ ባሉ የስልክ ሱቆች በሚታጨቁባቸው ሕንፃዎች ነው። ዕውቀቱን በሥርዓት የሚያስተምረው ተቋምና ዕውቀቱን በእጁ የያዘው ጠጋኝ በአንዲት ከተማ ውስጥ በጥቂት ኪሎ ሜትር ተለያይተው ይኖራሉ።

ስለ ጠጋኞቹ በቂ ጥናት አለ። ላራ ሂውስተን በ2013 ለእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናት በመሐል ካምፓላ የሚሠሩ የሞባይል ጠጋኞችን የተመለከተ ሲሆን፣ የሙያው ዕውቀት ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ እንዲሁም ከውጭ አገር ከሚመጡ የፍላሽ ማድረጊያ ሳጥኖችና ፋይሎች ጋር እንዴት እንደሚዘዋወር ያሳያል። ፍላሽ ማድረግ የስልኩን ሶፍትዌር ከሥሩ ደምስሶ እንደገና መጫን ነው። ይህ ሙያ ስልክን ወደ ኮምፒውተር አጋዥነት ለመቀየር ከሚያስፈልገው የሚርቅ አይደለም፤ ይልቁንም አሮጌውን ስልክ ከከባድ መተግበሪያዎች አጽድቶ ለአንድ ሥራ ብቻ ማዘጋጀት በጠጋኙ እጅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የኡጋንዳ ጠጋኝ ጥረቱን ሁሉ የሚያውለው ስልኩን መልሶ ስልክ ለማድረግ ነው፤ ምክንያቱም የሚከፈለው ለዚያ ነው።

መንግሥት በበኩሉ ጉዳዩን ያየው ከቆሻሻ አንጻር ነው። ኡጋንዳ በ2009 ያገለገሉ ማቀዝቀዣዎች፣ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒውተሮች ከውጭ እንዳይገቡ የሚከለክል እርምጃ አሳወቀች፣ በ2012 የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ፖሊሲ አወጣች፣ በ2019 የወጣው ብሔራዊ የአካባቢ ሕግም የአምራቹን ኃላፊነት ከሽያጭ በኋላ ላለው ጊዜ አራዘመ፤ በ2021 ደግሞ በካምፓላ ብሔራዊ የመሰብሰቢያ ማዕከል ተከፈተ። የ2009ኙ ክልከላ በወቅቱ ካስነሣቸው ክርክሮች ዋነኛው ርካሹ ኮምፒውተር ከትምህርት ቤቶች ይርቃል የሚለው ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት የተገደደ ተቋም ለካሜራና ለተጨማሪ ማሳያ የሚተርፈው ገንዘብ እንደሚያንስ ከታሰበ፣ ክልከላው ለአጋዥነት የሚውለውን አሮጌ ስልክ ተፈላጊነት ሊጨምር እንደሚችል መገመት ይቻላል፤ ግምቱን በቁጥር የፈተነ ሥራ ግን በውይይቱ ውስጥ አይጠቀስም።

አዲስ አበባ፦ መሳቢያው መጋዘን ሲሆን

በአዲስ አበባ ሁለት የተለያዩ ገጽታዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው መርካቶ ውስጥ ያለው ምናለሽ ተራ ነው፤ ከየሰፈሩ ቆራሌው ሰብስቦ የሚያመጣው ዕቃ ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት፣ የዕቃን ተግባር መለወጥ የዘመናት ሙያ የሆነበት ሥፍራ። ሁለተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ንብረት ክፍል ነው። በ2013 የጀርመኑ ኤኮ ኢንስቲትዩት ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ያወጣው የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ጥናት ካሳያቸው ዋና ነገሮች አንዱ፣ አሮጌ መሣሪያ እንደ ጋና በገፍ ወደ መንገድ ዳር ፈቺዎች ከመውጣት ይልቅ የንብረት ማስወገጃው ሥርዓት አስቸጋሪ በመሆኑ በየተቋሙ መጋዘን ተከማችቶ መቆየቱ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የተቋቋመው የኮምፒውተር ማደሻና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ከጎኑም የተሠራው የመፍቻ ተቋም ይህን ክምችት ለመቅረፍ የታሰቡ ነበሩ።

ይህ ልዩነት ለርዕሱ ወሳኝ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጻፈው ምክር ሁሉ አሮጌው ስልክ በመሳቢያ ውስጥ ያለ ሥራ ተኝቷል ብሎ ይነሣል፤ በ2022 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ መድረክ በዚያ ዓመት ብቻ 5.3 ቢሊዮን ስልኮች ከአገልግሎት እንደሚወጡ ሲገምት አብዛኞቹ በየቤቱ እንደሚቀመጡ ገልጿል። በአዲስ አበባና በካምፓላ ግን በግለሰብ እጅ ያለ የሚሠራ ስልክ መሳቢያ አያውቅም፤ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፣ ወደ ገጠር ይላካል፣ በአዲስ ግዢ ላይ ተይዞ ይቀየራል። ያለ ሥራ የሚተኛው የተቋም ንብረት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች መሳቢያውን መፈለግ የሚገባው በመጋዘን ውስጥ ነው።

ለዚህ የሚጠቀሱ ትላልቅ ምሳሌዎች የቆጠራ ታብሌቶች ናቸው። ኢትዮጵያ ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ገደማ ታብሌቶችን ከነኃይል መሙያቸው ያዘጋጀች ሲሆን፣ ቆጠራው ግን ከ2017 ጀምሮ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ኡጋንዳ በበኩሏ በግንቦት 2024 ቆጠራዋን በታብሌት አካሂዳለች። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከገበያው ስልክ የሚለዩት ሁሉም አንድ ዓይነት በመሆናቸው ነው፤ ለአንዱ የተዘጋጀው የማስተካከያ አሠራር ለሺዎቹ ይሠራል፣ አንድ ዓይነት መያዣ በብዛት ማሠራት ይቻላል፣ ለጥገናም አንዱ የሌላው መለዋወጫ ይሆናል። በአንድ የገጠር ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓይነት ታብሌቶችን ሁለተኛ ማሳያ ማድረግ፣ ሠላሳ የተለያዩ ስልኮችን ካሜራ ከማድረግ እጅግ ይቀላል። የመንግሥት ንብረት ሕግ ግን መሣሪያን ወይ በአገልግሎት ላይ ያለ ወይ የሚወገድ አድርጎ ስለሚመዘግብ፣ ተግባሩ የተለወጠ ታብሌት በየትኛው መዝገብ እንደሚሰፍር አሠራሩ ዝግጁ ምላሽ የለውም።

ሦስት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ነው። መነሻቸው የማይካድ ነው፤ አንድ ስማርት ስልክ በዕድሜው ሁሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው በሚመረትበት ጊዜ የሚወጣ በመሆኑ፣ የተመረተውን ረዘም ላለ ጊዜ ማሠራት ከሁሉም እርምጃ ይበልጣል። በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ሪፖርት በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን ቆሻሻ ማመንጨቷን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው ግን 22.3 በመቶ ብቻ መሆኑን፣ በአፍሪካ ደግሞ መጠኑ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ገልጿል። መሰብሰቢያ በሌለበት አገር መሣሪያን በሥራ ላይ ማቆየት ብቸኛው የቆሻሻ ቅነሳ ነው ይላሉ።

ሁለተኛው አቋም ቅደም ተከተልን የሚያስቀድም ነው። የሚሠራ ስልክ መጀመሪያ ስልክ ለሌለው ሰው ይድረስ፤ በሞባይል ገንዘብ የሚተዳደር ገበሬ ወይም በጀልባ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ ሰው ሊጠቀምበት የሚችለውን ስማርት ስልክ ከኮምፒውተር ጎን ለካሜራነት መትከል ዕቃውን ከሚገባው በታች ማዋል ነው ይላል። ይህ አቋም በምሥራቅ አፍሪካ ከየትም ይልቅ ይጠነክራል።

ሦስተኛው ተጠራጣሪው አቋም ነው። ጥያቄው አሮጌው ስልክ አዲስ ዌብካም እንዳይገዛ አድርጓል ወይ የሚል ነው፤ ካላደረገ፣ ማለትም ሰውየው ያለ ካሜራ ይቀር ከነበረ፣ የተቆጠበ ምርት የለም፣ የተጨመረ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ብቻ አለ። ትሬቨር ዚንክና ሮላንድ ጋይር በ2017 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን ክርክር በሥርዓት አቅርቦታል፤ ያገለገለ ዕቃ አዲሱን ከገበያ ካላስወጣ የታሰበው የአካባቢ ጥቅም ሊመነምን፣ አልፎም ሊገለበጥ ይችላል።

ማስረጃው እስከ የት ያደርሳል?

ለጥያቄው በጣም የቀረበው ጥናት ዚንክና ባልደረቦቹ በ2014 ያወጡት የሕይወት ዑደት ስሌት ነው። የሕይወት ዑደት ስሌት አንድ ዕቃ ከማዕድን ቁፋሮ እስከ መወገድ ያለውን ጉዳት የሚደምር ዘዴ ነው። ጥናቱ ያገለገለን ስማርት ስልክ አድሶ መሸጥን፣ በመኪና ውስጥ የሚቀመጥ የማቆሚያ ክፍያ ቆጣሪ ከማድረግ ጋር አነጻጽሯል፤ ከሁሉ የሚልቀው ትምህርቱም ውጤቱን የሚወስነው አሮጌው መሣሪያ ከገበያ የሚያስቀረው አዲስ ዕቃ ምንነትና መጠን መሆኑ ነው። በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች አሥር ያገለገሉ ፒክስል 3ኤ ስልኮችን አቀናጅተው የሰርቨር ሥራ አሠርተው ካርቦንን በሥራ መጠን የሚመዝን መለኪያ አቅርበዋል። በ2025 ደግሞ የኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ባትሪያቸውን አውጥቶ፣ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ዩሮ ያህል ብቻ አውጥቶ፣ አሮጌ ስልኮችን ትንሽ የመረጃ ማዕከል አድርጓቸዋል፤ ከሙከራዎቹም አንዱ በውኃ ውስጥ የባሕር ፍጥረታትን መቁጠር ነበር።

እነዚህ ሥራዎች የሚያረጋግጡት የአሮጌ ስልክ ማቀነባበሪያ ዛሬም ብቁ መሆኑን ነው። የማያረጋግጡት ደግሞ በካምፓላ ወይም በአዲስ አበባ አሮጌ ስልክ ከኮምፒውተር ጎን ሲተከል የትኛው ግዢ እንደሚቀር ነው። ይህ በአገር የገንዘብ ሁኔታም ይለዋወጣል። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ስትተው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ደርሷል፤ ከውጭ የሚመጣ ካሜራና ማሳያ ዋጋ አብሮ ሲወጣ፣ አሮጌው ስልክ አዲሱን ያስቀራል የሚለው ግምት አዲስ ዌብካም መግዛት ይችል ለነበረው ሰው ይጠነክራል፤ መጀመሪያም የመግዛት አቅም ላልነበረው ግን ስልኩ ከገበያ የሚያስቀረው ዕቃ የለም። ለዚህ ሰው ጥቅሙ ካርቦን መቆጠብ ሳይሆን ያልነበረውን መሣሪያ ማግኘት ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ በጎ ነገር በመሆኑ በአካባቢ ጥበቃ ስም ካልተሸፈነ በቀር ዋጋ የለውም ማለት ተገቢ አይሆንም።

የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው?

ከላይ የተነሣው የሁለተኛው አቋም ተቃውሞ ኃይሉን የሚያጣበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ስልክ መሆን የማይችለው ስልክ ነው። የኔትወርክ ክፍሉ የተቃጠለ፣ የመለያ ቁጥሩ የጠፋ ወይም ከኔትወርክ የታገደ መሣሪያ ለሌላ ሰው በስልክነት አይተላለፍም፣ ዋይፋዩና ካሜራው ግን ይሠራሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ያልተመዘገቡ ስልኮችን ከኔትወርክ የሚያስወጣ የምዝገባ ሥርዓት በጀመረ ጊዜ፣ አሠራሩ እስኪነሣ ድረስ፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ተፈጥረው ነበር። የስርቆት ስልክ እዚህ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ግን የግድ ነው፤ እገዳው የተደረገበት ምክንያት ከተግባሩ መለወጥ ጋር አይጠፋም።

ብልሽቱ በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚመጥነውን አገልግሎት ይወስናል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ግን ንክኪው የሚሠራ ስልክ ለካሜራነት እንከን የለውም። ንክኪው የሞተበት ስልክ ኦቲጂ በሚባል የዩኤስቢ ማገናኛ ማውዝ ተሰክቶለት ሊዘጋጅ ይችላል፤ ስክሪኑ ጭራሽ የጠፋበት ግን ከኮምፒውተር ለመታዘዝ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በስክሪኑ ላይ መጫን ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱ ቀድሞ ካልተሰጠ ወይም ጊዜያዊ ስክሪን ካልተገጠመለት ከንቱ ይሆናል። የቻርጅ ቦርዱ የላላበት ስልክ በጠጋኝ እጅ በርካሽ ይስተካከላል፣ ሳይስተካከል ለቋሚ ምደባ ግን አይታሰብም። ታብሌት ለሁለተኛ ማሳያነት የሚመረጠው በስፋቱ ቢሆንም፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ታብሌቶች አንድሮይዳቸው ከአምስተኛው እትም በታች በመሆኑ ብዙዎቹ የዛሬ መተግበሪያዎች አይጫኑባቸውም፤ ለእነዚህ የሚቀረው አገልግሎት በማሰሻ የሚከፈት ቀላል ገጽ ማሳየት ነው።

የግንኙነቱ ዓይነትም መለየት አለበት። ስልኩ በዋይፋይ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲነጋገር የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም፤ ስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ኮምፒውተሩ ቢያያዝ፣ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ሲም ካርድ እንኳ ባይኖር፣ ምስሉ በሁለቱ መካከል ይተላለፋል። የዳታ ወጪ በሚያሳስብበት አገር ይህ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር ነው። መዘግየቱ ግን በገመድ ከሚደረገው ይበልጣል፤ ለስብሰባ ካሜራ የሚታለፍ፣ ለሁለተኛ ማሳያ የሚያስቸግር ነው።

ባትሪው

በቋሚ ምደባ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የባትሪ ነው። የሊትየም ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ፣ በተለይም በሙቀት፣ ቢቆይ በፍጥነት ያረጃል፣ ጋዝ ፈጥሮም ያብጣል። ስልክን ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ሰክቶ ከኮምፒውተር ጀርባ መተው ይህን ሁኔታ ይፈጥራል፤ ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክ ወዲያው ከአገልግሎት መውጣት አለበት፣ ሊወጋ ወይም ሊጫን አይገባም። አዳዲስ ስልኮች መሙላቱን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ቢኖራቸውም አሮጌዎቹ የላቸውም። ባትሪውን አውጥቶ በቀጥታ ከኃይል ምንጭ ማሠራት የታርቱ ቡድን የመረጠው መንገድ ነው፤ ሆኖም ብዙ ስልኮች ያለ ባትሪ ስለማይነሡ ባትሪ እንዳለ የሚያስመስል ማታለያ ሰርክዩት ይፈልጋሉ፣ ይህም በዩቲዩብ አይቶ ለሚሞክር ሰው ሳይሆን ለሠለጠነ ጠጋኝ የሚተው ሥራ ነው። ቀላሉ አማራጭ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚጠፋ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ባትሪው ራሱ ጥቅም ይሆናል። ላፕቶፕና ሞደም የሆነ ስልክ በየራሳቸው ባትሪ ሥራውን ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ፤ ከግድግዳ የሚሠራው የዋይፋይ ራውተር ይጠፋል። ባትሪውን ማውጣት ደኅንነትን ሲጨምር ይህን ጥቅም ያስቀራል፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ አጠቃላይ ደንብም የለም።

ቁልፍና ዝማኔ

የአይፎን የማግበሪያ ቁልፍ በ2013፣ የአንድሮይድ ተመሳሳይ ጥበቃ በ2015 የመጡት ስርቆትን ለመቀነስ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ከረሳ ወይም ተቋሙ ሠራተኛው ሲለቅ መሣሪያውን ካላስፈታ፣ ጤናማው ስልክ ለማንም አይሆንም። እንደ ኤም-ኮፓ ያሉ ድርጅቶች በኡጋንዳ በዕለታዊ ክፍያ የሚሸጧቸው ስልኮችም ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ የሚሠራ የርቀት ቁልፍ አላቸው። ዝማኔ ያቆመ ስልክ ደግሞ የደኅንነት ቀዳዳው ሳይደፈን ይቀራል፤ ከ7.1 በታች የሆኑ አንድሮይዶችም ከ2024 አንሥቶ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት የሚሰጠውን የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጠቀሙ ብዙ ድረ ገጾችን ማመን አቁመዋል። ይህ ክርክር ለሰርቨርነት ከባድ ነው፤ የማንም መለያ ሳይገባበት፣ ኢንተርኔት ሳያገኝ፣ በገመድ ብቻ ለሚሠራ ካሜራ ወይም ማውዝ ግን እጅግ ይቀልላል። ብዙ ጽሑፎች ይህን ሳይለዩ አሮጌ ስልክ ሁሉ አደገኛ ነው ማለታቸው ትክክል አይደለም።

ሕጉ ያልለየው

ዕቃና ቆሻሻ የሚለዩበት መስመር ሌላው ያልተዘጋ ጉዳይ ነው። የአደገኛ ቆሻሻን ድንበር ተሻጋሪ ዝውውር በሚቆጣጠረው በባዝል ስምምነት ሥር የወጣው የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ መመሪያ አንድ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ይሠራል የሚለው የተሠራባቸውን ዋና ተግባራት ማከናወን መቻሉ ተፈትሾ ሲረጋገጥ ነው። በዚህ መለኪያ የኔትወርክ ክፍሉ የሞተ ስልክ፣ ካሜራው ፍጹም ጤናማ ቢሆንም፣ ከድንበር ሲሻገር ቆሻሻ ነው፤ ከጥር 2025 ጀምሮም አደገኛ የሆነውም ያልሆነውም የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ስምምነት እንዳይሻገር ተወስኗል። ጥብቅነቱ አፍሪካን የሌሎች መጣያ ከመሆን ለመጠበቅ ነው፣ ተገቢም ነው፤ ተግባሩ ለተለወጠ መሣሪያ በር ቢከፈት ቆሻሻ ላኪዎች ሁሉ ዕቃችን ዌብካም ነው ማለት ይጀምራሉ የሚለው ሥጋት ክብደት አለው። በአገር ውስጥ ላለው መሣሪያ ግን ይኸው መለኪያ መጥበብ የለበትም። ኢትዮጵያ በ2018 ያወጣችው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ም ሆነ የኡጋንዳ ሕግ ትኩረታቸው መሰብሰብ፣ ማጓጓዝና ማስወገድ ላይ ነው።

ተግባሩ የተለወጠ መሣሪያ ሁለተኛ ዕድሜውን ሲጨርስ ማን ይረከበዋል የሚለውም ክፍት ነው። ስልክ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ ለመለዋወጫ ይገዛው ነበር፤ ለሦስት ዓመት በካሜራነት ተተክሎ ባትሪው ካበጠ በኋላ ግን ስክሪኑም ሞዴሉም ያለፈበት ስለሚሆን ገዢ ላያገኝ ይችላል። በካምፓላ የጥገና ሱቆችና በአዲስ አበባ የሞባይል ተራዎች አሮጌ ስልክ ለዚህ አገልግሎት ለሚወስዱ ሰዎች ሁለት ጥያቄ በተከታታይ ማቅረብ፣ ማለትም ይህ ባይኖር አዲስ ይገዙ ነበር ወይ፣ ሲበላሽስ ወዴት ይወስዱታል ብሎ መልሱን መመዝገብ፣ ከላይ የተነሡትን ሦስት አቋሞች ከማናቸውም የላቦራቶሪ ስሌት ይልቅ የሚፈትን ሥራ ይሆናል፤ በፖርት ቤል መንገድ ያሉት የማሠልጠኛ ተቋማትም ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ተማሪም ቅርበትም አላቸው።